የምስክሯ አድራሻ

ደግሞስ ጣቷን ለምን በስፖንጅ ታርሰዋለች፣ ደረቅ ጣት ወረቀት አይቆጥርም ያለው ማነው፣ እርጥብ ጣት ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነሳል፣ አንዱንም ሁለት ያስመስላል፣ ሃርላን ትቬት ዕድሜውን ሙሉ ላም ሲያልብ የኖረ ሰው ነው፣ ጣት ምን እንደሚሠራ ያውቃል፣ ስለዚህ ዓይኑን ከሴትዮዋ ጣት ላይ አይነቅልም። ኤርነስቲን ይላል ደረቷ ላይ ያንጠለጠለችው መታወቂያ። የድምፅ ቆጠራ ጠረጴዛው ኃላፊ። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ፖስታውን ታነሳለች፣ ፊቱን ታያለች፣ ጀርባውን ታያለች፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ታቀብላለች፣ ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አልተሳሳተችም፣ የሚያስጠረጥረውም ይሄው ነው፣ ሰው እንዴት አንዴ እንኳ አይሳሳትም፣ የማይሳሳት ሰው የተለማመደ ሰው ነው፣ ምን ሲሠራ ነው የተለማመደው? ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጥፈዋል፣ ታዛቢ ከዚያ አያልፍም፣ ለምን አያልፍም፣ ምን እንዳያይ ነው፣ ሃርላን የጫማውን ጫፍ ወደ ፕላስተሩ ያስጠጋና ታየው እንደሆነ ይጠብቃል። አላየችም። ወይ አይታ ዝም ብላለች።

እሺ፣ ይረጋጋ። ለምን እንደመጣ ያውቃል። የአገረ ገዥው ምርጫ በሦስት መቶ ምናምን ድምፅ ነው ያለቀው፣ በመላው ዊስኮንሲን፣ ከሐይቁ እስከ ወንዙ ድረስ ሚሊዮን ሕዝብ መርጦ ሦስት መቶ ምናምን፣ የሃርላን ሰው ሉድቪግሰን ተሸነፈ፣ ተወዳዳሪው የነበረችው ሴት አሸነፈች፣ እንደገና ይቆጠር ተባለ፣ ፓርቲው ታዛቢ ፈለገ፣ ሃርላን እጁን አወጣ። ያውም በአደን ሰሞን። ጓደኞቹ በሙሉ አሁን ብርቱካናማ ሰደርያቸውን ለብሰው ጫካ ውስጥ አጋዘን ይጠብቃሉ፣ እሱ ግን እዚህ ከተማ መሃል፣ በሌላ ጊዜ ጀልባ ለሽያጭ የሚደረደርበት አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የሴት ጣት ይጠብቃል። ለመሆኑ እጁን ያወጣው ለሉድቪግሰን ብቻ ነው? ተው እንጂ ሃርላን። ታዛቢ ሲደለደል የትኛው ጠረጴዛ ይሻልዎታል ሲሉት የትኛውም ይሁን አላለም፣ የሐይቁ ዳር ሰፈር አለ፣ አፉ ቀደመው። ሲግኒ ያለችው እዚያ ነው። ልጁ። ሁለት ዓመት ድምፅዋን ያልሰማት ልጁ፣ አንድ ልጁ፣ ሆድና ጀርባ ሆነው የቀሩት፣ ነርስ ናት፣ ፈረቃዋ ስለማይመቻት በፖስታ ነው የምትመርጠው፣ እና ከነዚህ ፖስታዎች አንዱ የሷ ነው። ሲመጣ ምን ያደርጋል? ዝም ይላል። እንዳላወቀ። ወይስ ስሟን ሲያይ ፊቱ ያስታውቅበት ይሆን፣ ወይስ ጭራሽ አልመረጠችም፣ ወይስ ስሙን ጥላ የሌላ ሰው ስም ይዛለች፣ እስቲ ማን ይነግረዋል፣ ማርሊስ እንደሆነች አትናገርም። ዛሬ ጠዋት ሲወጣ ሚስቱ ሳንድዊቹን አቀብላው አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፣ እዚያ ስትደርስ ሰው አትቆጣ። ሰው። የትኛውን ሰው?

ቆይ፣ ቁጥሩን እንደገና። የገጠሩ ቁጥር ግልጽ ነው፣ በአውራጃችን ከመቶ ሰባ አንዱ የኛ፣ ጎሽ፣ ከዚህ በላይ ምን ይሉናል፣ ግን ችግሩ መቶው ራሱ ስንት ነው፣ እኛ ዘንድ ከሰው ላም ይበዛል፣ ላም ደግሞ አይመርጥም። ከተማው ከመቶ ሰማንያው የነሱ፣ መቶውም ፎቅ ላይ ፎቅ የተደራረበ መቶ ነው፣ አንድ ሕንፃ ብቻውን የሃርላንን መንደር ከነቤተ ክርስቲያኑ ይውጣል። ስለዚህ ሌባው ከተማው ነው። እንዲያ ብሎ ነው የመጣው። ግን እኮ የከተማው ሰው ዘንድሮ ካለፈው ቀንሶ ነው የወጣው፣ ይህች ነገር ሃርላንን እንደ እሾህ ትወጋዋለች፣ ሰርቀው ቢሆን ይጨምር ነበር እንጂ ይቀንሳል? እንዳይነቃባቸው ቀንሰው ሰርቀው ይሆናላ። ወይ ሃርላን፣ ይሄማ ለራስህም አይዋጥልህ። ከተማው ቀነሰ፣ ገጠሩ ጨመረ፣ ታዲያ በየት በኩል ፈሰሰ? መሃሉ ላይ። ዳርቻው ላይ። ከከተማው ሸሽተው ገጠሩ ሳይደርሱ የቆሙት፣ ሣራቸውን እንደ ምንጣፍ የሚከረክሙት፣ ሦስት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ ያላቸው፣ ድሮ ከመቶ ስድሳ አምስት ይሰጡን የነበሩት፣ ዘንድሮ ሃምሳ ሁለት። አሁንም እዚያ አሸንፋችኋል ይላል ጋዜጣው። አሸንፈናል! እያሸነፉ መሸነፍ እንዲህ ነው፣ በባልዲው አፍ ሞልቶ በቂጡ ያፈሳል፣ ሰው ግን አፉን ብቻ እያየ ያጨበጭባል።

እና አጠገቡ የቆመው ማነው? ፎልማን። የፓርቲው ጠበቃ፣ የዳርቻው ሰው፣ ጫማው ከተገዛ ጀምሮ ጭቃ አይቶ የማያውቅ፣ አቶ ትቬት እያለ በአክብሮት የሚጠራው፣ አክብሮቱም ጭምር የሚያስጠረጥር። ቅቤ ቀባሁህ ዓይነት አክብሮት። ሃርላን በጎሪጥ ያየዋል። አንተስ ለማን መረጥክ? ብሎ ቢጠይቀውስ፣ ከመቶ ሃምሳ ሁለት ነው እንግዲህ፣ የአንድ ሰፈር ሰው ሁሉ እንዲህ ለሁለት ከተከፈለ ይሄም ሰውዬ ሳንቲም ቢወረወርለት ያው ነው፣ ሚስቱ ደግሞ አለች፣ የዳርቻ ሚስቶች ናቸው ያዞሩት ይባላል፣ ከባሎቻቸው ጋር አብረው ሄደው፣ አብረው ተሰልፈው፣ መጋረጃው ውስጥ ሲገቡ የፈለጉትን አድርገው፣ ወጥተው እራት አብስለው። ማን ያውቃል። ማርሊስን ለማን መረጥሽ ብሏት አያውቅም። ለምን ይላታል፣ ያውቃላ። አያውቅም?

የጠዋቱ ነገር ደግሞ አለ፣ ከጭንቅላቱ አልወጣ ያለ። በፖስታ የሚመርጥ ሰው ምስክር ያስፈልገዋል፣ ሲመርጥ አጠገቡ የነበረ ሰው ፖስታው ላይ ይፈርምና አድራሻውን ይጽፋል፣ አድራሻ ከሌለ ፖስታው ይወድቃል፣ ሕግ ነው። ጠዋት አንድ የሽማግሌ ፖስታ መጣ፣ የምስክሩ ስም አለ፣ አድራሻው ባዶ። ፎልማን እቃወማለሁ አለ። ኤርነስቲን ይህን ምስክር የሚያውቅ አለ ወይ ብላ ጠየቀች፣ የለም፣ መጽሐፉን አየች፣ ትክክል ነው፣ ወደቀ አለች። ሃርላን ደስ አለው፣ ይሄው፣ እጅ ከፍንጅ፣ ያዝናቸው፣ አለ በሆዱ። ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አያውቅም ነበር። ፖስታው ተቀዶ ወረቀቱ ገና በምርጫው ዕለት ከሰፈሩ ወረቀት ሁሉ ጋር ተቀላቅሏል፣ ስም የለውም፣ የሽማግሌው የትኛው እንደሆነ እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ ምን ይደረጋል፣ ኤርነስቲን ተነሳች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እጇን ሳጥኑ ውስጥ ከተተች፣ ዝም ብላ አንዱን ጎትታ አወጣች፣ ያ የወጣው ተጣለ። ማንም ይሁን። የፈለገው ሰው ይሁን። ሃርላን ዓይኑን አላመነም። ይሄ የቢንጎ ዕጣ ነው እንዴ? ፎልማን ጠጋ ብሎ በጆሮው፣ አይጨነቁ አቶ ትቬት፣ እዚህ ሰፈር ከአሥር ዘጠኙ የነሱ ነው፣ ዓይኗን ጨፍና የምታወጣው ሁሉ ከነሱ ነው የሚጎድለው፣ ለዚህ ነው ከተማ ላይ የምንቃወመው፣ በናንተ መንደር ብንቃወም ከኛ ነበር የሚጎድለው። ብሎ ሳቀ። ተንኮሉ ሒሳብ አለው። ሁለተኛው ፖስታ ሲወድቅ ግን ኤርነስቲን ጎትታ ያወጣችው የሉድቪግሰን ሆነ። የኛ። ፎልማን ምላሱን አጮኸ፣ አይ ዕድል። ሃርላን ደግሞ የተጣለውን ወረቀት እያየ ቀረ፣ ማን ይሆን ይሄ፣ እዚህ ሁሉ ፎቅ መሃል ለኛ ሰው የመረጠ፣ ለጎረቤቱ ሳይናገር ብቻውን፣ እና እኛው ጣልነው። እኛ ዘንድም ሃያ ዘጠኝ አሉ ከመቶ። በቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ላይ ማጅራታቸውን እያየ ማናቸው ይሆኑ ይላል ሁልጊዜ።

ከተማ ከተማ ሲል እንግዲህ ያ የገና እራት ነው የሚመጣበት። ካለፈው ምርጫ በኋላ፣ ሲግኒ ከከተማ መጥታ፣ የአሳማው ጭን ጠረጴዛው መሃል፣ ማርሊስ ድንች እያቀረበች፣ እሱ ዝም ቢል ምን ነበረበት፣ ዝም አላለም፣ ከዚያ ከተማ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ የሌባ ድምፅ ነው አለ። ልጅቷ ሹካዋን አስቀመጠች። የኔም አባዬ? አለችው። በቁጣ አይደለም፣ ጠየቀችው እንጂ፣ በሕፃንነቷ ይህቺ ጥጃ ትሞታለች ወይ ብላ እንደምትጠይቀው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ያንቺማ አይደለም። ምን አለበት ቢላት፣ ምላሱ አልታዘዝ አለው፣ ማርሊስ አየችው፣ ልጅቷ አየችው፣ እሱ ድንቹን አየ። ከዚያ ኮቷን ለበሰች። መኪናዋ በረዶው ላይ ሲንሸራተት ሰምቶ ተነስቶ አልገፋላትም፣ ማርሊስ ናት በቤት ጫማዋ ወጥታ የገፋችው። ከዚያ ወዲህ ስልክ የለም፣ ሰላምታ የለም፣ ማርሊስም ስሟን ማንሳት ተወች፣ በቃ ተወች፣ እናት እንዲህ በቀላሉ ትተዋለች? አንዳንዴ ይሄን ያስባል፣ እንዴት ቻለችው ይላል፣ አንጀቷ ድንጋይ ነው እንዴ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ከእኔ ትብሳለች እንጂ ብሎ ይጽናናል።

ምሣ ሰዓት ሆኖ ሳንድዊቹን ይፈታል፣ ኤርነስቲን ከጠረጴዛው ሳትነሳ ዕቃዋን ትከፍታለች፣ ከመነጽሯ በላይ ታየዋለች። አንተ ሰውዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጣቴን ነው የምታየው፣ ቀለበት ልታስርልኝ ነው? አጠገቧ ያለችው ትን ይላታል፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት፣ ሃርላን ጆሮው ድረስ ይቀላል። ለምንድን ነው የምታርሺው? ይላታል፣ ከጀመረ ይጨርስ ብሎ። ስኳር አለብኛ የኔ ጌታ፣ ቆዳዬ ይደርቃል፣ ወረቀቱ ይቆርጠኛል፣ ሌላ ምን መሰለህ? ምንም። ምንም አልመሰለኝም። ስኳር። ሊሆን ይችላል፣ እናቱም ነበረባት፣ ጣቷ እንዲሁ ይሰነጠቅ ነበር፣ ግን ሰው ለሁሉም ነገር መልስ ሲኖረውም ጥሩ አይደለም። ከላይ ከሰሜኑ ገጠር ነህ አይደል፣ ትላለች፣ ንግግርህ ያስታውቃል፣ በአደን ሰሞን እዚህ ምን ትሠራለህ፣ አጋዘኑ ናፍቆህ ይሆናል። እናንተን ልጠብቅ ነው የመጣሁት ይላታል። እኛ አንሮጥም፣ ትላለች፣ ተረጋግተህ ብላ። ሳንድዊቹ ውስጥ ማርሊስ የሚወደውን አይብ ጨምራለች፣ ሁለት ቁራጭ፣ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ለምን ሁለት?

ከምሣ በኋላ የሰፈሩ የመጨረሻ ሳጥን ይመጣል። ሲግኒ እስካሁን አልመጣችም፣ ስለዚህ እዚህ ውስጥ ናት፣ ወይም የለችም። ፖስታ፣ ፊቱ፣ ጀርባው፣ እለፍ። ፖስታ፣ ፊቱ፣ ጀርባው፣ እለፍ። ፎልማን ስልኩ ላይ ተደፍቷል፣ ጆሮውን ብቻ ነው ያዋሰን። እና ኤርነስቲን ትቆማለች። ፖስታውን ታገላብጠዋለች፣ እንደገና ታገላብጠዋለች፣ ከዚያ ቀና ብላ ሃርላንን ሳይሆን ደረቱን ታያለች፣ ደረቱ ላይ ያንጠለጠለውን መታወቂያ፣ ስሙን፣ ትቬት፣ አየችው፣ አውራ ጣቷን የመራጩ ስም ላይ ታሳርፋለች። መጣች። ምስክሩ ፈርሟል፣ ትላለች ኤርነስቲን በሥራ ድምፅዋ፣ አድራሻው ላይም አንድ ነገር ተጽፏል፣ ግን እኔ አድራሻ አልለውም፣ ኤን፣ አምስት፣ ሦስት፣ ስምንት፣ ሁለት፣ በቃ፣ መንገድ የለ፣ ከተማ የለ፣ ምንድን ነው ይሄ፣ የመኪና ሰሌዳ? እቃወማለሁ፣ ይላል ፎልማን ከስልኩ ሳይነሳ።

ኤን አምስት ሦስት ስምንት ሁለት። ሃርላን ያውቀዋል። የእሳት ቁጥሩ ነው። የቤቱ። ከመንገዱ ወደ ቤቱ በሚያስገባው በር ላይ የተተከለው ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ቃጠሎ ሲነሳ እሳት አጥፊዎቹ ቤቱን እንዲያገኙ ለገጠር ሰው ሁሉ የሚሰጥ ቁጥር፣ በረዶ ጠራጊው መኪና ገጭቶት ራሱ ሃርላን ነው ያቃናው፣ የወተት መኪናውም የላም ሐኪሙም በዚያ ቁጥር ነበር የሚመጣው፣ እኛ አገር እሱን ከጻፍክ ሁሉን ጻፍክ፣ መንገዱ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ማን ይጠይቃል። ማርሊስ ነገር ሁሉ ላይ እሱን ብቻ ነው የምትጽፈው። ለቤተ ክርስቲያን ድግስ የምትወስደው የፓይ ሳህን ቂጥ ላይ ሳይቀር። ይህን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚያውቅ የለም፣ የከተማዋ ሴት አታውቀውም፣ የዳርቻው ጠበቃ አያውቀውም። እሱ ብቻ።

ቆይ። ቆይ ቆይ። ምስክር ማለት አጠገቧ የነበረ ማለት ነው። ስትመርጥ ያየ። ማርሊስ እዚያ ነበረች፣ ልጅቷ ቤት፣ ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ፣ እስክሪብቶ አቀባብለው። መቼ? መቼ ነው የሄደችው? በመከር ቬርና ጋ፣ እኅቷ ጋ፣ ዳርቻው ላይ፣ ቬርና ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ልታደርግ ነው፣ ብቻዋን አልተዋትም ብላ ሻንጣ ይዛ ሄደች፣ እሱም ሂጂ አለ፣ ሾርባ አሞቀ በላ፣ እና ቬርና ከዚያ በኋላ መጥታ ስትጠይቃቸው ያንኑ ወፍራም መነጽሯን አድርጋ ነበር፣ ዓይኗ ተሠርቶ ያንኑ መነጽር! አይቶታል እኮ፣ በዓይኑ በብረቱ አይቶታል፣ ምንም አላለም፣ የሴት ጣት የሚጠረጥር ሰው የሚስቱን እኅት መነጽር አልጠረጠረም። ወይ ጉድ። ሌባ ፍለጋ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነድቶ መጣ፣ ሌባው እቤቱ ተቀምጦ ሳንድዊች ይጠቀልልለታል። የልጅቷን ስም ማንሳት የተወችው ለካ ራሷን ልጅቷን እያገኘቻት ነው። ተናደደ። በጣም ተናደደ፣ ከዚያ ንዴቱ ሥር ሌላ ነገር አለ፣ ቅናት ነው፣ እኔስ፣ እኔን ለምን ይዛኝ አልሄደችም።

ይህን የሚያውቅ አለ? ትላለች ኤርነስቲን፣ ጮክ ብላ፣ ለጠረጴዛው ሁሉ ነው የምትለው ግን ዓይኗ ሃርላን ላይ ነው፣ የት እንደሆነ ማወቅ ከተቻለ እንቀበላለን፣ ካልተቻለ ይወድቃል።

ዝም ቢልስ። ዝም ማለት ይችላል፣ ዝም ማለት መቼ አቃተው። ዝም ካለ ፖስታው ይወድቃል፣ ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፣ አንድ ወረቀት ትጎትታለች፣ ከአሥር ዘጠኙ የነሱ ነው፣ ከሦስት መቶ ምናምኑ አንድ ይቀንሳል፣ ሉድቪግሰን አንድ ይጠጋል፣ የመጣበት ሥራ ነው። ያውም የሲግኒ ወረቀት ላይወጣ ይችላል፣ የማይታወቅ ሰው ይወጣል፣ የሷ እዚያው ይቀራል፣ ማንም አልተጎዳም። ግን ፖስታው ላይ ወድቋል ተብሎ ማህተም ይመታበታል። ስሟ ላይ። ትቬት፣ አይቆጠርም። እና ደብዳቤ ይልኩላታል፣ ምስክርሽ አድራሻ የላትም ብለው፣ ማርሊስ አድራሻ የላትም፣ አርባ ዓመት የኖረችበት ቤት አድራሻ አይደለም ተብሎ፣ እና አባቷ ቆሞ እያየ ነው የተባለው፣ እሷ ባታውቅ እሱ ያውቃል፣ ይቺ ጣቷ የተሰነጠቀ ሴት ታውቃለች። ሉድቪግሰንን ይወደዋል። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ይወደዋል፣ ዛሬም ቢመረጥ ይወዳል። ግን በዚህ?

አድራሻ ነው። ማን ተናገረ? እሱ ነው የተናገረው። የእሳት ቁጥር ይባላል፣ ገጠር እንደዚያ ነው የሚጻፈው። ኤርነስቲን እስክሪብቶዋን ታነሳለች፣ የማን ቤት ነው? የኔ። ፎልማን አሁን ቀና ብሏል። የርስዎ ምን? የኔ ቤት ነው፣ የፈረመችው ሚስቴ ናት፣ ማርሊስ ትቬት፣ መንገዱን ከፈለጋችሁ እጽፍላችኋለሁ፣ መራጯ ደግሞ ልጄ ናት። ድምፁ አዳራሹ ውስጥ ከጠበቀው በላይ ጎልቶ ይሰማል፣ በጎን ያሉት ጠረጴዛዎች ዞረው ያያሉ። ኤርነስቲን አውራ ጣቷን ከስሙ ላይ ታነሳለች። የሚታወቅ አድራሻ ነው፣ ተቀብለናል። ፖስታው ያልፋል፣ እንደ ሌላው ፖስታ፣ አለቀ፣ ሌላ ምንም የለም፣ ቀጥላ ስፖንጇን ትነካለች።

አቶ ትቬት፣ ይላል ፎልማን፣ አክብሮቱ ብን ብሎ ጠፍቶ፣ ለመሆኑ እርስዎ ለማን ነው የሚሠሩት? ላሞቼን ሸጫለሁ፣ ይለዋል ሃርላን፣ ለማንም አልሠራም። መልሱ ለራሱም ይጥመዋል፣ ለአፍታ፣ ከዚያ ጥርጣሬው ተመልሶ ይመጣል፣ አሁን ግን ዞሮ ራሱ ላይ ነው የሚያፈጠው። የጠዋቱን ሽማግሌስ? የሱም ምስክር የአንድ ሰው ሚስት ናት፣ ወይም ጎረቤት፣ ወይም ልጅ፣ ሁለት በር አልፎ የሚኖር፣ ማን አያውቀኝም ብሎ ባዶ የተወ፣ ያን ጊዜ ደስ አለህ እኮ፣ እጅ ከፍንጅ አልክ፣ የሱን የሚያውቅ አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ አዳራሹ ሁሉ ጭጭ ሲል አንተም ጭጭ። ለሕግ ብለህ ነው የተናገርከው? ውሸት። የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ትናገር ነበር? አፍሯል። ላቡ በጀርባው ይወርዳል፣ ያፈረ ሰው ላብ፣ ሥራ ያልሠራ ሰው ላብ። ለፎልማን ደህና ዋል ሳይል፣ ቢጫውን ፕላስተር እያየ፣ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል።

ኮሪደሩ ፖፕኮርን ፖፕኮርን ይላል፣ ከየት እንደመጣ እንጃ። ስልኩን ያወጣል፣ ቤት ይደውላል። ሃሎ፣ ትላለች ማርሊስ፣ በላህ? በላሁ። አይቡን ሁለት አደረግኩልህ። አየሁት። ምነው ድምፅህ፣ አሞሃል እንዴ? አላመመኝም። ሰው ተቆጣህ እንዴ ሃርላን? አልተቆጣሁም። ታዲያ ምን ሆነሃል? ምን ይበላት፣ ፊርማሽን አየሁት ይበላት፣ መንገዱን ሳትጽፊ ይበላት፣ የቬርናን መነጽር ያንሳባት፣ ሁሉም አፉ ላይ ተራ ይዞ ቆሟል፣ የሚወጣው ግን ሌላ ነው። ቤቷ የት ነው? ይላል። የማን ቤት አትልም፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ አላለችም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ላም እንዳትደነግጥ በምታወራበት ድምፅ፣ ከሐይቁ በስተቀኝ ነው ትለዋለች፣ ቀይ ጡብ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ዛሬ ከሰዓት አትሠራም፣ እቤት ናት፣ ደወሉን አትጫን፣ ደወሉ አይሠራም፣ ጠንከር አድርገህ አንኳኳ። እሺ ይላል። እሺ። ስልኩን ሊዘጋ ብሎ አይዘጋም፣ ያች የመጨረሻዋ ጥርጣሬ ቀርታለች፣ ካላወጣት አትለቀውም። ማርሊስ፣ ይላል፣ ደወሉ የማይሠራው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ከዚያ ገና በኋላ እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ።